ሌሊት ለምትሠሩ፣ ቀን እንቅልፍ እምቢ ላላችሁ

የሌሊት ሺፍት ሊጀምር ያለ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የማነሳው ስለ መጋረጃ ነው። ብዙዎቹ ይገረማሉ። ስለ ቡና ወይም ስለ ድካም የማወራ ይመስላቸዋል። እኔ ግን "የምትተኛበት ክፍል ቀን ላይ ምን ያህል ይጨልማል?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል፣ ሪሴፕሽን ላይ ነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሌሊት መሥራት ከጀመርኩ ግን ዓመታት አልፈዋል። ሰውነቴ ምን እየሆነ እንዳለ ለመረዳት ብዙ አንብቤያለሁ፣ ሐኪምም አማክሬያለሁ። መሀል ከተማ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያነጋው ሰው ብዙ ነው። ነርሷ አለች፣ ጥበቃው አለ፣ ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ የራይድ ሾፌሩ አለ። ስለ ደመወዙና ስለ ትራንስፖርቱ ሲወራ ይሰማል። ስለ እንቅልፉ ሲነሳ ግን "ትለምደዋለህ" ተብሎ ይታለፋል። እውነቱ፣ አብዛኛው ሰው ሙሉ በሙሉ አይለምደውም። የማይለምድበትም ምክንያት አለው።

ሌሊት የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጠዋት ቤት ስትገቡ ሰውነታችሁ ዝሏል። አልጋው ላይ እንደወደቃችሁ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። ከዚያ 6 ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት፣ ዓይናችሁ ቦግ ይላል። ድካሙ አለ። ራስ ምታቱ አለ። እንቅልፉ ግን የለም። ብትገላበጡ፣ ትራስ ብትቀይሩ አይመለስም። የቤት ሰው ደግሞ "ደክሞሽ ቢሆን ኖሮ ትተኚ ነበር" ይላል።

እንዲህ የሚሉት ስለማያውቁ ነው። እንቅልፍ እንዲመጣ ሁለት ነገር መገጣጠም አለበት። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚጨምረው የእንቅልፍ ጫና ነው። አንጎላችን ሲሠራ ሲውል አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀምበታል። እሱ ሲበዛ ዓይናችን ይከብዳል፤ ስንተኛ ደግሞ ይቀንሳል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። እሱ ደከመን አልደከመን ግድ የለውም። ሲነጋ ንቁ ይላል፣ ሲመሽ ተኙ ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስንተኛ ጫናው ከባድ ስለሆነ ሰዓቱን አሸንፎ ይጥለናል። ጥቂት ሰዓታት ከተኛን በኋላ ጫናው ይቀላል። የሰውነት ሰዓቱ ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር "ንቁ" የሚለውን እያጠነከረው ይሄዳል። ያኔ ነው የምንባንነው። ሌሊት ሠርተው ቀን የሚተኙ ሰዎች፣ ሌሊት ከሚተኛ ሰው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ያነሰ የሚተኙትም ለዚህ ነው።

ሰዓት ስል እንዲሁ ለአባባል አይደለም። አንጎል ውስጥ ቦታ አለው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚገናኙበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 20,000 ገደማ የነርቭ ሴሎች የያዘች ትንሽ ክፍል ናት። ጉበት፣ ጨጓራና ቆሽት የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ይህች ክፍል ናት የምታስማማቸው። ሰዓቱ በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በትንንሽ ዝንቦች ላይ ያጠኑት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። ለእኛ የሚጠቅመን ቁም ነገር ይህ ነው። የሰው ሰዓት ልክ 24 ላይ አይገጥምም። በአማካይ ከ10 ደቂቃ በላይ ያልፋል። ስለዚህ በየቀኑ መስተካከል አለበት። የሚያስተካክለው ደግሞ ብርሃን ነው።

ዓይናችን ውስጥ ዋና ሥራቸው ምስል ማሳየት ያልሆነ፣ ብርሃን መኖሩን ለዚያች ክፍል የሚነግሩ ሴሎች አሉ። ሰማያዊ የሚበዛበት ብርሃን ሲያገኙ ይበልጥ ይነቃሉ። የጠዋት ሰማይ እንደዚያ ነው፤ የስልክ ስክሪንም በመጠኑ እንደዚያ ነው። ማየት ከማይችሉ ሰዎች መካከል እነዚህ ሴሎች ያልተጎዱባቸው አሉ፤ ምንም ነገር ሳያዩ ሰዓታቸው በብርሃን ይስተካከላል። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከንጋት ይጀምራል። ሰውነትም እንደዚያው ነው፣ ንጋትን አይቶ ነው ሂሳቡን የሚጀምረው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ስለ ሌሊት ሥራ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ በብርዱ ወራት ሠራተኛው ከሺፍት ሲወጣ ገና ጨለማ ነው። ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ፀሐይ አያገኘውም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ሰኔም ሆነ ታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት እና 1 ሰዓት መካከል ነው። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት የሚወጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ብርሃን ውስጥ ነው የሚገባው። የሆቴል ሎቢ መብራት ብዙ ቢባል ጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው። ጥርት ያለ የጠዋት ሰማይ ግን ከ10,000 ሉክስ በላይ ይሰጣል። ሌሊቱን ሙሉ ካገኘነው ብርሃን ይልቅ ወደ ቤት ስንሄድ የምናገኘው የግማሽ ሰዓት ብርሃን ይበልጣል ማለት ነው።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። የሰውነታችን ሙቀት ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ 10 ወይም 11 ሰዓት አካባቢ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በፊት የሚገባን ብርሃን ሰዓቱን ያዘገየዋል። ይህ ለሌሊት ሠራተኛ ጥሩ ነው፣ የመኝታ ሰዓቱ ወደ ጠዋት ይገፋለታል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ብርሃን ግን በተቃራኒው ይሠራል። "ነግቷል" ብሎ ሰዓቱን ወደ ቀን ሰው ሰዓት ይመልሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ የታገልንበትን የጠዋቱ መንገድ ያፈርሰዋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ሥራ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ደመቅ ያለ መብራት አበራለሁ፤ 9 ሰዓት ሲሆን አጠፋዋለሁ። ሎቢው ለእንግዳ እንዲመች ተብሎ ፈዘዝ ያለ ነው፣ እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ብርሃን ያስፈልገኛል። ስወጣ ደግሞ ጥቁር መነጽር አደርጋለሁ። ከስታዲየም በለገሀር፣ በሜክሲኮ አድርጌ ወደ ልደታ ስሄድ ፀሐይዋ ከኋላዬ ናት፣ ይህ ዕድል ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መገናኛ ወይም ወደ አያት የምትሄዱ ግን ፊት ለፊት ነው የምትቀበሏት። ኮፍያም ጨምሩበት። ባቡር ወይም ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ከመስኮቱ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። መኪና የምትነዱ ከሆነ መነጽሩን ተዉት። እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው ሰው መንገድ ላይ ብርሃኑ ይቀስቅሰው፣ ስለ ሰውነት ሰዓት ቤት ሲደርስ ያስባል።

አሁን መጋረጃው። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚሰቀለው ቀጭን መጋረጃ ምንም አይጠቅምም። እኔ ከመርካቶ ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ገዝቼ ከመጋረጃው ኋላ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ዙሪያውን በፕላስተር ያዝኩት፤ የላይኛዋን ትንሿን መስኮት አየር እንድታስገባ ተውኳት፣ ፊቷ ላይ ወፍራም ጨርቅ አንጠለጠልኩ። ብርሃን ከበሩ ሥርም ይገባል፤ እዚያ ፎጣ ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። መለኪያዬ ቀላል ነው። አልጋዬ ላይ ተኝቼ እጄን ፊቴ ላይ ዘርግቼ ጣቶቼን እቆጥራለሁ። መቁጠር ከቻልኩ ገና አልጨለመም። ኪራይ ቤት ሆኖ አከራይ እምቢ ካለ፣ ዓይን ላይ የሚታሰር ጨርቅም ይሠራል።

ድምፁ ከብርሃኑ ይከብዳል፣ ምክንያቱም በእጃችን አይደለም። ልደታ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆራሌው ይጀምራል። ሥጋ የሚከተፍበት ቤት አለ። ከታች ሕንፃ የሚያድስ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ውሃ የሚመጣበት ቀን ደግሞ ደረጃው ሁሉ በጀሪካን ይንኳኳል፤ ያን ቀን ካልተነሣሁ ሳምንቱን ያለ ውሃ ነኝ። የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ ገዝቻለሁ። ከእሱ ይልቅ የጠቀመኝ ግን ቬንትሌተር ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አበራዋለሁ። አንድ ዓይነት እዝዝ የሚል ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ካለ፣ የውጭው ድንገተኛ ድምፅ ያን ያህል አያባንንም። ለውሃው ከጎረቤቴ ጋር ተስማማሁ። እሷ የእኔን በርሜል ትሞላልኛለች፣ እኔ ከሰዓት ልጇን ከትምህርት ቤት አመጣላታለሁ።

ይህን ስምምነት ለማግኘት ግን መነጋገር ነበረብኝ። ለሴት ይህ ቀላል አይደለም። ማታ 4 ሰዓት ለብሳ የምትወጣ፣ ጠዋት የምትገባ፣ ቀን በሯን ዘግታ የምትተኛ ሴት ብዙ ይወራባታል። ዝም ካልን ወሬው ይሞላዋል። ከጎኔ ያሉት እማማ በየጠዋቱ 4 ሰዓት ቡና ያፈላሉ፣ በሬን አንኳኩተው ይጠሩኛል። እንቢ ማለት ነውር ነው፣ መሄድ ደግሞ ቀኑን ማጣት ነው። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። "እማማ፣ ለእኔ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ለእርስዎ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና "ውይ ልጄ! በሌሊት ስቀሰቅስሽ ነው የከረምኩት?" አሉ። ቡናው ወደ 9 ሰዓት ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ልጆች ሲጮሁ ተቆጥተው የሚመልሷቸው እሳቸው ናቸው። ይህን ንግግር አትዝለሉት። ለቤተሰብም እንዲሁ፤ ሰዓቱን ወደ እነሱ ሰዓት ቀይራችሁ ንገሯቸው፣ ያኔ ይገባቸዋል። ስልክም ሳይለንት ይሁን። ለአደጋ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል።

ስለ ቡና ካነሣሁ አይቀር። ቡና የሚያነቃን ያ የእንቅልፍ ጫና የሚያመጣው አዴኖሲን ቦታውን እንዳይዝ ስለሚከለክለው ነው። ጫናውን አያጠፋውም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነታችን ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። 10 ሰዓት ሌሊት ላይ የጠጣችሁት ስኒ፣ ጠዋት 3 ሰዓት አልጋ ውስጥ ስትሆኑ ግማሹ ገና አለ። እንቅልፍ ቢወስዳችሁ እንኳ ስስ ይሆናል። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ አልጠጣም። ሻይና ኮካም ካፌይን አላቸው፣ ይህ ይረሳል። ጫትም በሌሊት ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ ነው። ያነቃል፤ እንቅልፍና ምግብ ግን ይዘጋል፣ ጠዋት አልጋ ላይ ሆናችሁ ዓይናችሁ ፈጦ ይቀራል። ከዚያ ለመተኛት ሌላ ነገር መጠጣት ይከተላል። በዚህ መንገድ ጤናቸው ሲያሽቆለቁል ያየኋቸው ሰዎች ስላሉ ነው የምናገረው።

ከሌሊቱ ሁሉ ከባዱ ሰዓት 10 ሰዓት ነው። 7 ሰዓትን እንደ ምንም ያልፉታል። 10 ሰዓት ላይ ግን ብርድ ከውስጥ ይመጣል። ሹራብ ደርቤ ማሞቂያ አጠገብ ተቀምጬ እጄ ይቀዘቅዛል። ሙቀታችን የሚወርድበት ሰዓት ስለሆነ ነው፤ የኅዳር ውርጭ ሲጨመርበት አይጣል ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ኤርፖርት የሚሄዱ እንግዶች ሂሳብ ለመዝጋት ይወርዳሉ። ፓስፖርት ይዤ ቁጥሩን ስክሪኑ ላይ እየጻፍኩ፣ ያንኑ መስመር ደግሜ ደግሜ አነበዋለሁ። ፊደሉ ይታየኛል፣ ግን አይገባም። እንግዳው ምንም አያስተውልም፤ ፈገግ እያልኩ ነው።

የሆቴሉ ጥበቃ ጋሼ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ሌሊት ሠርተዋል። መጀመሪያ ሰሞን የማታውን ገንዘብ 10 ሰዓት ላይ ስቆጥር አዩኝና፣ "ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ገንዘብ አይቆጠርም" አሉኝ። "እርስዎ ታዲያ እንዴት ነው የሚችሉት?" ስላቸው፣ "አልችለውም እኮ። እዞራለሁ እንጂ" አሉ። እውነትም ያን ሰዓት ወንበር ላይ አይገኙም። ባትሪያቸውን ይዘው ግቢውን ይዞራሉ፣ በር ይነካሉ፣ ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን እንደ ሰዓቱ ደለደልኩ። ሂሳብና ጥንቃቄ የሚፈልገው ሁሉ ከ8 ሰዓት በፊት ያልቃል። ለ10 ሰዓት የምተወው ቆሜ የምሠራውን ነው፤ ቁልፎችን ማስተካከል፣ ለቁርስ የሚወጡትን ዝርዝሮች ማተም። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ያን ሰዓት የመድኃኒት መጠን ስታሰላ ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲያይላት ትጠይቃለች። ይህ ልማድ በየቦታው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ሾፌሮችን ለብቻ መናገር እፈልጋለሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተሠራ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የሚፈተንበት ነገር ላይ፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን አሳይቷል። በብዙ አገር ይህ ከመንዳት የሚያስከለክል መጠን ነው። ጠዋት 4 ሰዓት የተነሣና ቀን ያልተኛ ሾፌር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሞልቶታል። የእኛ የሆቴል ሾፌር ከንጋቱ ጉዞ በፊት መኪናው ውስጥ 20 ደቂቃ ይተኛል፣ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ። ከ30 ደቂቃ በላይ ከሆነ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የተነሣ ሰው ለትንሽ ጊዜ ይደነዝዛል፣ ወዲያው መንዳት የለበትም። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ከፍ ማድረግ፣ ማስቲካ፣ ይህ ሁሉ ለደቂቃዎች ነው የሚሠራው። ራስ ዝቅ ዝቅ ማለት ከጀመረ ዳር ይዞ ማቆም ነው።

ከሥራ በፊት ስለሚተኛው እንቅልፍም ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ተኝቼ ልሂድ ይላል፣ ከዚያ እንቅልፍ አልወስድ ሲለው ይበሳጫል። ያ ሰዓት ሰውነት ከመኝታ በፊት በጣም የሚነቃበት ነው፤ ለመተኛት ከቀኑ ሁሉ አስቸጋሪው እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ግን በተፈጥሮ ትንሽ ዝል የምንልበት ነው። እኔ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል እተኛለሁ። ምሳ በልቼ፣ የቤት ሥራዬን ነካ ነካ አድርጌ፣ ከእማማ አንድ አቦል ጠጥቼ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ጋደም እላለሁ። ቶናና በረካው ላይ አልቆይም፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ሁለቱ ሲደመሩ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለአዋቂ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይመከራል፤ እዚያ የምደርሰው ሁልጊዜ አይደለም። በአንድ ጊዜ ካልተኛሁ ብዬ መጨነቄን መተዌ ግን ብዙ ረድቶኛል።

ሆድ። ሌሊት የሚሠራ ሰው ጨጓራ ያላለ አላውቅም። ሌሊት ሰውነት ስኳር የሚያስተናግድበት አቅም ይቀንሳል፣ ያው ምግብ ቀን ከተበላው ይልቅ ደም ውስጥ ስኳር ከፍ ያደርጋል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ቦስተን ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። 19 ሰዎች ለ14 ቀን እንደ ሌሊት ሠራተኛ እንዲኖሩ ተደረገ። ገሚሶቹ ሌሊት በሉ፣ ገሚሶቹ ቀን ብቻ። ሌሊት የበሉት የደም ስኳራቸው በ6.4 በመቶ ጨመረ፣ ቀን ብቻ የበሉት ላይ ግን ይህ አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ እኔ ግን ሞክሬው ጨጓራዬ ላይ ያመጣውን ለውጥ አይቻለሁ። ዋናውን ምግቤን ከቤት ሳልወጣ እበላለሁ። የሠራተኛ ምግብ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት የሚተርፈውን ጥብስና ሩዝ አልነካም። ቢበዛ ሙዝ ወይም ለብ ያለ አጥሚት ነው። ጠዋት ከመተኛቴ በፊት ደግሞ ትንሽ ነገር እቀምሳለሁ፣ ርሃብም ይቀሰቅሳልና።

ጾም ላይ ይህ ይወሳሰባል። እኩለ ሌሊት ካለፈ አለመብላቱ ከላይ ካልኩት ጋር ይሄዳል። ከእንቅልፍ ተነሥቶ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ግን ራሴን ያዞረኝ ነበር። የንስሐ አባቴን አማክሬ ሰዓቱን አስተካክለውልኛል። እናንተም ዝም ብላችሁ አትቸገሩ፣ ጠይቁ። ሙስሊም ባልደረባዬ ረመዳን ላይ ሱሑሩን ሥራ ላይ ትበላለች፤ ውሃ እንድትጠጣ የማስታውሳት እኔ ነኝ።

ስለ ረጅም ጊዜው ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለዓመታት ሌሊት መሥራት ከስኳር በሽታ፣ ከልብ ሕመም፣ ከውፍረትና ከወር አበባ መዛባት ጋር ተያይዞ ታይቷል። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሌሊት ፈረቃን በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያም እንደገና በ2019 እ.ኤ.አ. ካንሰር የማምጣት ዕድል ያላቸው ከሚላቸው ጋር መድቦታል። ቀይ ሥጋም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ፣ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። ስለዚህ አትደንግጡ፤ የደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ግን በየጊዜው ተለኩ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል፣ ሌሊት ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማነጋገር አለበት። ኢንሱሊን የሚወስድም እንዲሁ፣ የመድኃኒቱ ሰዓት መታሰብ ስላለበት። እንቅልፍ ማጣቱ ወይም ሥራ ላይ ማንቀላፋቱ ለ3 ወር ከቀጠለ፣ ራሱን የቻለ የሚታከም ችግር ነው። የእንቅልፍ ክኒን ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ መፍትሔ አይሆንም።

የዕረፍት ቀን ሌላ ፈተና ነው። ሁሉም ሰው እንደ ሰው ልዋል ብሎ ሌሊት ይተኛል፣ ከዚያ ሥራ ሲመለስ ሰውነቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እኔ መሀሉን ነው የያዝኩት። በዕረፍት ቀኔ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቼ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እቆያለሁ። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ያለው ሥራ ኖረም አልኖረም የእንቅልፍ ሰዓቴ ነው፤ እሱ ካልተነካ የቀረው ቢንሸራተት ሰውነት ይቻለዋል። ከሰዓት በኋላና ምሽቱ ለሰው ይተርፋል። ልጆች ያሏት ባልደረባዬ ይህ አይሆንላትም፤ እሷ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው የምትተኛው፣ ቅዳሜ ግን ታላቅ እህቷ ትይዝላታለች። ልቅሶና ቀብር አይቀጠርም። ከሺፍት ወጥቼ ቀብር መድረስ ካለብኝ፣ የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል እተኛለሁ። አንድ ሙሉ የእንቅልፍ ዙር በግምት ያን ያህል ነው፣ ከዚያ ሲነሡ መደንዘዙ ያንሳል።

በመጨረሻ የሺፍት ፕሮግራሙ። ሺፍታችሁ የሚዟዟር ከሆነ አቅጣጫው ልዩነት ያመጣል። የሰውነት ሰዓት ወደፊት ከመሳብ ይልቅ መዘግየት ይቀለዋል፤ ስለዚህ ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ቢሄድ ይሻላል። ድሮ የነበርኩበት ቦታ ሌሊት አድሮ የወጣ ሰው ያኑ ቀን ከሰዓት ተመልሶ ይገባ ነበር፤ ማንም ያን አይችለውም። አሁን ባለሁበት የሌሊት ሠራተኞች ተሰብስበን ሱፐርቫይዘራችንን አነጋገርን፣ አቅጣጫውን ቀየሩልን። ሕጉንም እወቁት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ላይ አትመደብም። ከመደበኛ ሰዓታችሁ በላይ በነዚህ ሰዓታት ከሠራችሁ ደግሞ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ በ1.75 ይባዛል። ይህ ለትርፍ ሰዓት ነው፤ መደበኛ የሌሊት ሺፍትን አይመለከትም፣ ሰው ያምታታዋል። የፕሮግራም ለውጥ የምትጠይቁ ከሆነ የሚቀጥለው ወር ከመለጠፉ በፊት፣ ብቻችሁን ሳይሆን አብራችሁ ጠይቁ። አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ለእናንተ ለመለወጥ የሌላ ሰው ዕረፍት መነካት አለበት።